ደሴቱ ሁለት ስም አለው



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቦታ ስምና ስለ ቋንቋ ነው። ከሐዋሳ መናኸሪያ ተሳፍራችሁ በሻሸመኔና በአዳሚ ቱሉ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ፣ ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችውን ባቱን ታገኛላችሁ። በስተቀኝ ሐይቁ ተዘርግቷል። በሐይቁ ውስጥ 5 ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። የዛይ ሕዝብ የትውልድ አገር እነዚህ ናቸው።

ትልቁ ደሴት ቱሉ ጉዶ ነው። በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው። ሁለተኛ ስሙ ደብረ ጽዮን ይባላል፤ በግዕዝ «የጽዮን ተራራ» ማለት ነው። ለምን እንዲህ ተባለ? በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ ተሸሸገች ተብሎ ስለሚተረክ ነው። የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያንና ጥንታዊ የብራና መጻሕፍቱ ዛሬም እዚያው ናቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ! አንዱ ስም ኦሮምኛ፣ ሌላው ግዕዝ ነው። የነዋሪው ቋንቋ ግን ዛይኛ ነው፤ የስልጥኛና የሐረሪ የቅርብ ዘመድ። ለብዙ ዘመን የጠበቀው ውኃው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ግን ብዙ ሰው ወደ ዳር ወጣ። በዳር ገበያውም ትምህርቱም በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ሆነ። አያት በዛይኛ ሲጠይቁ ልጅ በሌላ ቋንቋ ከመለሰ፣ ቋንቋው ከዚያ ቤት መውጣት ጀመረ ማለት ነው።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። ስልጥኛ ነበረበት፤ ዛይኛ ግን አልነበረበትም። ስለዚህ የዛይ ሰው ማንበብ የተማረው በሌላ ሰው ቋንቋ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በስኮትላንድ ደሴቶች ጌሊክ የሚባለው ቋንቋ ተናጋሪው እየሳሳ ሄዷል። ይሁንና በሉዊስ ደሴት የመንደሮቹ ስም በጌሊክ ተጽፎ መንገድ ዳር ቆሟል። መንገደኛ ሁሉ ያነበዋል።

እናንተስ? ፊደል ቆጥራችኋል፤ ደብተርና እርሳስ አላችሁ። ዛሬ ማታ ሽማግሌ ጠይቁ፦ ይህ ኮረብታ፣ ይህ ምንጭ፣ ይህ ዋርካ በእናት ቋንቋችሁ ማን ይባላል? ትርጉሙስ? ስሙን እንደ ተነገራችሁ ጻፉት። ከዚያም ለልጆቻችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

ደኅና ሰንብቱ።