ስለ ከተማ የፋይበር መረብ አቀያየስ

ባለፈው የትምህርት ዘመን፥ የምዝገባው ቀን በደረሰ ጊዜ፥ ከግቢያችን አጠገብ መንገድ ይቆፍር የነበረ ኤክስካቫተር የፋይበር ገመድ በጠሰ። ምዝገባው ሁለት ቀን ቆመ፤ ክሊኒኩም የሕመምተኞችን ካርድ ከኮምፒዩተር ማውጣት አቃተው። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ግቢው አንድ ሳይሆን ሁለት ገመድ ያለው መሆኑን መስማታችን ነው። አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲተካው ታስቦ ገንዘብ ወጥቶበታል። ዳሩ ግን ሁለቱም በአንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀብረው ስለ ነበር፥ የመኪናው አካፋ አንድ ጊዜ ሲወርድ ሁለቱን አብሮ ቆረጣቸው።

ከዚህ የተነሣ የሚከተለውን ጥያቄ ለራሳችን አቀረብን፤ የአንድ ከተማ የመገናኛ መረብ ሲታቀድ ነጥቦቹ በምን መልክ ቢያያዙ ወጪው ሳይበዛ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ሊኖር ይችላል? በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው ይህንኑ ነው። አዲስ ነገር አግኝተናል ለማለት አንደፍርም፤ ሌሎች የደረሱበትን በቋንቋችን አስተካክለን ለማቅረብ ብቻ ነው።

፩. ስለ ፋይበር ጠባይ

ፋይበር ማለት ከጠጕር ብዙም የማይወፍር የመስታወት ክር ነው። መልእክቱ የሚጓዘው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በብርሃን ነው። ብርሃን በመስታወቱ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ አሥር ኪሎ ሜትር ርቀት ያለውን ከተማ ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ሃምሳው ይበቃዋል።

ቀድሞ የነበረው ችግር ብርሃኑ በመንገድ መድከሙ ነው። የድካሙ መጠን የሚለካው በዲሲቤል ነው። 3 ዲሲቤል ሲጠፋ የብርሃኑ ኀይል በግማሽ ይቀንሳል፤ 10 ዲሲቤል ሲጠፋ አንድ አሥረኛው፥ 20 ዲሲቤል ሲጠፋ ደግሞ አንድ መቶኛው ብቻ ይቀራል። ቻርልስ ካኦ የተባለው ሊቅ ከባልደረባው ከጆርጅ ሆክሃም ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝ አገር ባወጣው ጥናት፥ የመስታወቱ ጥራት ተሻሽሎ ጥፋቱ በኪሎ ሜትር ከ20 ዲሲቤል በታች ቢወርድ ክሩ ለመገናኛ ሥራ ሊውል እንደሚችል አስረዳ። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1970 እስከ 17 ዲሲቤል አወረዱት። ካኦም እ.ኤ.አ. በ2009 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ ጥሩ ፋይበር በኪሎ ሜትር የሚያጠፋው 0.2 ዲሲቤል ያህል ነው። እንግዲህ ካኦ ወሰን ባደረገው መስታወት በአንድ ኪሎ ሜትር የሚጠፋው ብርሃን፥ በዛሬው መስታወት የሚጠፋው በመቶ ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ለከተማ መረብ ዋናው ችግር ክሩ አይደለም። ችግሩ ቦዩ ነው። አስፋልት መቁረጥ፥ መቆፈር፥ ቱቦ መቅበርና መልሶ መድፈን ከጠቅላላው የመዘርጊያ ወጪ ከግማሽ በላይ የሚወስድ ሥራ ነው። ስለዚህ መረብ ማቀድ ማለት ከሁሉ በፊት የት እንደሚቆፈር መወሰን ነው።

፪. ስለ መረቡ ቅርጽ

በመረብ ውስጥ የሚያያዙትን ስፍራዎች ጣቢያዎች እንበላቸው። ጣቢያዎቹን ለማያያዝ የታወቁት ቅርጾች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ኮከብ ነው። ሁሉም ጣቢያዎች ከአንድ ማእከል ጋር በቀጥታ ይያያዛሉ። ሁለተኛው ዛፍ ነው። ግንዱ ወደ ቅርንጫፍ፥ ቅርንጫፉም ወደ ቀንበጥ ይከፈላል። ሦስተኛው ቀለበት ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ተያይዞ መሥመሩ ዞሮ ከተነሣበት ይገጥማል። አራተኛው ምሉዕ መረብ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ከእያንዳንዱ ጋር ይያያዛል። ይህ የመጨረሻው እጅግ አስተማማኝ ቢሆንም ወጪው አይቻልም። የጣቢያዎቹ ቍጥር ን ቢሆን የሚያስፈልገው መሥመር ን ሲባዛ በን ሲቀነስ አንድ፥ ሲካፈል ለሁለት ነው። ለ6 ጣቢያዎች 15 መሥመር ይበቃል፤ ለ30 ጣቢያዎች ግን 435 መሥመር ያስፈልጋል።

ከሁሉ ያነሰ ርዝመት ያለውን መረብ የማግኘት ጥያቄ በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ቦሩቭካ የተባለው የቼክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1926 ለሞራቪያ ክፍለ ሀገር የኤሌክትሪክ መሥመር አዘረጋግ መልስ ሰጥቶበታል። አሜሪካዊው ክረስካል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 ለተማሪ እንኳ የማይከብድ ዘዴ አቅርቧል፤ ይኸውም መንገዶቹን ከአጭሩ ጀምሮ በተራ መውሰድ፥ ቀለበት የሚዘጋውን መንገድ ግን መተው ነው።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። በአንድ ከተማ ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ፥ ሠ፥ ረ የተባሉ ስድስት ጣቢያዎች አሉ እንበል። ገመድ ሊቀበርባቸው የሚቻሉት መንገዶችም የሚከተሉት ናቸው፤ ከሀ እስከ ለ 2 ኪሎ ሜትር፥ ከመ እስከ ሠ 2፥ ከለ እስከ ሐ 3፥ ከሠ እስከ ረ 3፥ ከሀ እስከ መ 4፥ ከለ እስከ መ 5፥ ከሐ እስከ ረ 5። በክረስካል ዘዴ የመጀመሪያዎቹን አምስት መንገዶች ስንወስድ ስድስቱም ጣቢያዎች ይያያዛሉ። ድምሩ 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ያጠረ መረብ አይገኝም።

የሒሳብ ሠራተኛው በዚህ ደስ ሊለው ይገባል። መሐንዲሱ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ከሀ እስከ መ ያለው መንገድ አንድ ቀን ቢቆፈርስ? መ፥ ሠ እና ረ፥ ማለትም የከተማው እኩሌታ፥ ከማእከሉ ይለያል። እንግዲህ ከሁሉ ያጠረው መረብ ከሁሉ የተሻለ መረብ አይደለም። ከሐ እስከ ረ ያለውን 5 ኪሎ ሜትር ብንጨምርበት ግን መሥመሩ ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ ረ፥ ሠ፥ መ ብሎ ወደ ሀ በመመለስ ቀለበት ይሆናል። ድምሩ 19 ኪሎ ሜትር ነው። ወጪው ከሢሶ በጥቂት ቢበልጥም፥ ከዚህ በኋላ በየትኛውም አንድ ስፍራ ቢቆረጥ አንድም ጣቢያ አይለይም፤ መልእክቱ በሌላው ወገን ዞሮ ይደርሳል። በአገራችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩ አንበሳውን የሚይዘው ግን አንዱ ክር ሲበጠስ ሌላው በሌላ ወገን የያዘ እንደ ሆነ ነው።

፫. የቀለበቱ ጉድለት

ቀለበት ራሱ ሁለት ወጥመድ አለበት። የመጀመሪያው በመግቢያችን የተናገርነው ነው። በካርታ ላይ ሁለት ሆነው የተሣሉት መሥመሮች በመሬት ውስጥ በአንድ ቦይ፥ ወይም በአንድ ድልድይ ላይ አብረው የሚያልፉ ከሆነ ቀለበቱ የወረቀት ቀለበት ነው። ስለዚህ ማንኛውም ዕቅድ ሲመረመር መጠየቅ የሚገባው ስንት ገመድ አለ ብሎ ሳይሆን ስንት ቦይ አለ ብሎ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ማእከሉ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1988 በአሜሪካ በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር ሂንስዴል በምትባል ከተማ የቴሌፎን ማእከሉ ተቃጠለ። ከሠላሳ ሺ የሚበልጡ የስልክ ደንበኞች መገናኛ አጡ፤ በዚያ ማእከል በኩል ያልፉ የነበሩ የሌሎች ከተሞች መሥመሮችም አብረው ተቋረጡ፤ ሥራው ተጠግኖ እስኪያልቅም ሳምንታት ወሰደ። ፖል ባራን የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት መረቦችን ማእከላዊ፥ ያልተማከለና የተሰራጨ ብሎ ከሦስት ከፍሎ፥ ማእከሉ አንድ የሆነ መረብ በቀላሉ እንደሚፈርስ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። በእኛ ምሳሌ መፍትሔው ሁለተኛ ማእከል በረ ማቆም ነው። ከሀ እስከ ረ በአንዱ ወገን 10፥ በሌላው ወገን 9 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ሁለቱ ማእከሎች በቀለበቱ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንድ እሳት ወይም አንድ ጎርፍም ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይነካም።

፬. እስከ ቤት ድረስ

ቀለበቱ ለዋናዎቹ ጣቢያዎች ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ቀለበት መዘርጋት ግን አቅም አይፈቅድም። ስለዚህ ከጣቢያው እስከ ቤት ያለው በዛፍ ቅርጽ ይሠራል። ከጣቢያው የሚወጣው አንድ ክር ስፕሊተር በሚባል፥ ኤሌክትሪክ በማይፈልግ ማከፋፈያ ለ32 ቤቶች ይከፋፈላል። ጂፖን በሚባለው አሠራር አንዱ ክር ወደ ቤቶቹ የሚያወርደው 2.5 ጊጋቢት በሴኮንድ ያህል ነው። ሠላሳ ሁለቱም ቤቶች ባንድ ጊዜ ቢጠቀሙ ለእያንዳንዳቸው 78 ሜጋቢት ያህል ይደርሳቸዋል።

እዚህም ላይ የብርሃኑን ሒሳብ ማወራረድ ግዴታ ነው። በተለመደው የጂፖን መሣሪያ ሊጠፋ የሚፈቀደው 28 ዲሲቤል ነው። ስፕሊተሩ 17 ይወስዳል። 10 ኪሎ ሜትር ፋይበር፥ በኪሎ ሜትር 0.35 ሲታሰብ፥ 3.5 ይወስዳል። ለመጋጠሚያዎች 2 ብንተው ድምሩ 22.5 ነው፤ 5.5 ዲሲቤል ይተርፋል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለን ማከፋፈያውን ለ64 ቤቶች ብናደርገው ከ3 በላይ ተጨምሮ ይጠፋል፤ ትርፉም ወደ 2 ይወርዳል። ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቆርጦ ሲቀጠል፥ መጋጠሚያውም አቧራ ሲይዝ፥ ይህች ትርፍ ታልቃለች። እንግዲህ ትርፍ ብርሃን መተው ማባከን አይደለም፤ ለሚመጣው ጥገና የተቀመጠ ስንቅ ነው።

፭. ስማርት ከተማ ስለሚባለው

ስማርት ከተማ የሚባለው የትራፊክ መብራቱ፥ የውሃ ቆጣሪው፥ የመንገድ ካሜራው፥ የኤሌክትሪክ መሥመሩ በአንድ መረብ ተያይዘው ሁናቴያቸውን የሚናገሩበት ከተማ ነው። እነዚህ ሁሉ ከመረቡ የሚፈልጉት አንድ ዐይነት አይደለም። የውሃ ቆጣሪ በቀን ጥቂት ቍጥሮች ቢልክ ይበቃዋል፤ ለጥቂት ሰዓት ቢዘገይም የሚጎዳ የለም። ሁለት መቶ ካሜራዎች እያንዳንዳቸው 4 ሜጋቢት ቢልኩ ግን 800 ሜጋቢት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። የትራፊክ መብራትና ሆስፒታል የሚያስተላልፉት ከዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መቋረጥ የለባቸውም። ስለዚህ በቀለበቱ ላይ በቅድሚያ መቀመጥ ያለበት ብዙ የሚልከው ሳይሆን ቢቋረጥ ሰው የሚጎዳበት ነው።

ከሌሎች አገሮች ሁለት ምሳሌ እናቅርብ። የቻታኑጋ ከተማ፥ በአሜሪካ በቴነሲ ክፍለ ሀገር፥ ነገሩን የጀመረችው ከመብራት ነው። የከተማው የኤሌክትሪክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ከ111 ሚሊዮን ዶላር በላይ የመንግሥት ርዳታ ተቀብሎ ፋይበሩን በኤሌክትሪክ መሥመሩ ላይ አስከተለ። ዛፍ ወድቆ ሽቦ ሲበጥስ ማብሪያና ማጥፊያዎቹ በራሳቸው ተነጋግረው የተጎዳውን ክፍል ብቻ ይለያሉ። በዚያው ፋይበር እ.ኤ.አ. በ2010 ለነዋሪው ሁሉ አንድ ጊጋቢት አገልግሎት ቀረበ። ስቶክሆልም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ስቶካብ የተባለ የከተማ ኩባንያ አቁማ፥ ባዶውን ፋይበር ለማንኛውም የመገናኛ ድርጅት በእኩል ዋጋ ታከራያለች። ከተማይቱ ቦዩን ትቆፍራለች፤ ድርጅቶቹ የሚወዳደሩት በቦይ ሳይሆን በአገልግሎት ነው።

፮. ወደ አገራችን ስንመለስ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የስልክ መሥመር 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አንድ መሥመር ነበር። በየትኛውም ስፍራ ቢበጠስ ሁሉም ይቆም ነበር። ለዚያ ጊዜ ታላቅ ሥራ ነው። ዛሬ ግን ያንኑ ቅርጽ በመስታወት ብንደግመው ምክንያት አይገኝልንም።

እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲካሄድ ብዙ መንገዶች ተቆፍረው፥ በምሰሶ ላይ ተንጠልጥለው የነበሩ ገመዶች ወደ መሬት ውስጥ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህም በአገሪቱ ያለው የቴሌኮም ድርጅት አንድ ብቻ አይደለም። እንግዲህ አስፋልቱ ተከፍቶ ባለበት ጊዜ ትርፍ ባዶ ቱቦ መቅበር ዋጋው ጥቂት ነው። አስፋልቱ ከተደፈነ በኋላ ግን ለውሃ፥ ለመብራት፥ ለስልክ እየተባለ በየተራ ሲቆፈር ወጪው ይደጋገማል፤ የተቀበረውም ገመድ ይቆረጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

በአጭሩ የጥናታችን ፍሬ አራት ነው። ለዋናዎቹ ጣቢያዎች ቀለበት፥ ለቤቶች ዛፍ ይሁን። ሁለቱ ወገኖች በተለያየ ቦይ ይለፉ፤ ማእከሉም ሁለት ይሁን። የተቀበረው ሁሉ ጥልቀቱና ስፍራው ተለክቶ፥ መንገድ የሚቆፍር ሁሉ አስቀድሞ ሊያየው በሚገባ አንድ የጋራ ካርታ ላይ ይጻፍ። መንገድ አንድ ጊዜ ሲቆፈርም ለነገ የሚሆን ቱቦ አብሮ ይቀበር።

በዚህ ጽሑፍ የሰጠነው ምሳሌ ስድስት ጣቢያዎች ብቻ ያሉት ትንሽ ከተማ ነው። የምሕንድስናና የሒሳብ ክፍል ጓደኞቻችን በየግቢያቸው ያሉትን መሥመሮች በዚሁ ዘዴ ቢመረምሩ ብዙ ትምህርት ያገኙበታል ብለን እናምናለን። ምርመራው በአንድ ጥያቄ ሊጀመር ይችላል፤ ሁለተኛው ገመዳችን በየትኛው ቦይ ነው የሚያልፈው? መምህራኖቻችንም በሒሳቡ ወይም በአነጋገሩ ስሕተት ቢያገኙ እንዲያርሙን በአክብሮት እንለምናለን።