በአረጋውያን ላይ የሚደርስ የሐሞት ቱቦ ጠጠር እና ሆድ ሳይከፈት የሚሰጥ ሕክምናው



በቤታችሁ ያሉ አያት ዐይናቸው ቢጫ ሆኖ ብታዩ «የወፍ በሽታ ነው» ብላችሁ መድኃኒት ቅጠል ፍለጋ አትሂዱ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲጨመርበት፣ ቆላ ለኖረ ሰው ወባ መምሰሉ አያስደንቅም። ምክንያቱ ግን በሐሞት ቱቦ ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር ሊሆን ይችላል።

ሐሞት በጉበት ተሠርቶ፣ በከረጢቱ ተጠራቅሞ፣ በቀጭን ቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት ይፈስሳል። ጠጠር መንገዱን ሲዘጋ ሐሞቱ ወደ ደም ይመለሳል፤ ሽንት ይጠቁራል፤ ሰገራ ይነጣል። የታገደው ሐሞት ሲያመረቅዝ ተሕዋስያን ወደ ደም ይገባሉ፤ ይህም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በአረጋውያን ላይ ሕመሙ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ምግብ መተው ወይም የሐሳብ መዛባት ብቻ ሊታይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቢጫነት ከትኩሳት ጋር ከታየ ሳትውሉ ሳታድሩ በአፉላ ወደሚገኘው የኤሜክ ሆስፒታል ሚዩን ውሰዷቸው፤ መንቀሳቀስ ካቃታቸው 101 ደውሉ።

«በዚህ ዕድሜዬ ቢላዋ አልነካም» የሚሉ አባቶች አሉ። ሆኖም ሆድ አይከፈትም። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1974 ጀምሮ በጀርመንና በጃፓን ሐኪሞች የተጀመረው ዘዴ እንዲህ ነው፤ በሽተኛው የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ መብራትና ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ በኩል እስከ ትንሹ አንጀት ይገባል፤ ቱቦው በራጅ ይታያል፤ አፉ በጥቂቱ ይቆረጥና ጠጠሩ በፊኛ ወይም በትንሽ ቅርጫት ይሳባል። ለደካማ አረጋዊ ይህ ከቀዶ ጥገና ይልቅ የቀለለ ነው። ቢሆንም ከአደጋ ነፃ አይደለም፤ የቆሽት መቆጣት፣ መድማት፣ አልፎ አልፎም የአንጀት መበሳት ያጋጥማል።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት ጠይቁ። በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ምግብና ውኃ ከመቼ ጀምሮ እንደሚከለከልም ጠይቁ። አረጋውያን ለሐኪሙ ክብር ሲሉ ያልገባቸውን ሁሉ «ቤሴዴር» እያሉ ይቀበላሉ። የልጅ ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ አያት ስለ ሽንትና ሰገራቸው በልጅ ፊት መናገር ያፍራሉ። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ እንዲያቀርብላችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከት፣ ትኩሳት ወይም ጥቁር ሰገራ ከታየ በዚያው ዕለት ተመለሱ። ጠጠሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቀርቶ ሐሞቱ እንዲፈስስ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ከተተወላቸው፣ ያ ቱቦ በወራት ውስጥ ራሱ ስለሚደፈን መውጣት ወይም መለወጥ አለበት። የሚሰማ ሕመም ስለሌለ ቀጠሮው ይረሳል፤ ቀኑን ጽፋችሁ በግድግዳ ላይ ለጥፉት።