በአሸዋ ላይ የተረፈው የአያቶች ወይን

አባት ለልጁ ወርቅና ብር ሲያወርስ ልጁ ያመሰግነዋል፤ አሮጌ ተክል ሲያወርሰው ግን ብዙ ጊዜ ነቅሎ ይጥለዋል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፥ ዤር በሚባለው አውራጃ፥ በሳራጋሺ መንደር የሚኖር አንድ የገበሬ ቤተሰብ ግን አያቶቹ የተከሉትን ወይን ሳይነቅል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፍ ኖረ። ይህም ትዕግሥት ለብዙ ሰው የሚጠቅም ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1860ዎቹ ዓመታት ፊሎክሴራ የሚባል እጅግ ጥቃቅን ተባይ ከአሜሪካ በመጣ የወይን ችግኝ ላይ ተጣብቆ ወደ ፈረንሳይ ገባ። ተባዩ ሥሩን እየመጠጠ ተክሉን የሚያደርቅ ስለ ሆነ፥ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን የአገሪቱን ወይን አጠፋ። በመጨረሻም መድኃኒት ሆኖ የተገኘው፥ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚቋቋመው በአሜሪካው ወይን ሥር ላይ ማዳቀል ነው። ነገር ግን ፊሎክሴራ በአሸዋ ውስጥ መመላለስ አይሆንለትምና፥ በሳራጋሺ አሸዋማ መሬት አስቀድሞ የተተከለው ወይን በገዛ ሥሩ እንደ ቆመ ቀረ። ከእርሱም 600 ያህል ግንዶች ሲገኙ፥ ዝርያቸው ሃያ ያህል ነው፤ ስማቸው እንኳ የማይታወቅ ዝርያዎችም አሉባቸው። የፈረንሳይ መንግሥትም በ2012 ይህን የወይን ቦታ፥ የጥንት ግንቦችንና አብያተ ክርስቲያናትን እንደሚመዘግብ ሁሉ፥ በታሪካዊ ቅርስነት መዘገበው።

ዳሩ ግን አንድ ቤተሰብ ተክሉን ጠብቆ ማቆየት ይችል እንደ ሆነ ነው እንጂ፥ ለብዙዎች ማድረስ አይችልም። ይህን ያደረገው ማኅበር ነው። በ1979 የፕሌዛንስ፥ የኤኛንና የሴን ሞን ወይን ገበሬዎች ማኅበሮች በአንድሬ ዱቦስክ መሪነት ተባብረው፥ ከየመንደሮቻቸው ስም ጥቂት ጥቂት ወስደው ፕሌሞን የተባለውን ኅብረት አቆሙ። እያንዳንዱ ቤተሰብ መሬቱን ራሱ ያለማል፤ ፍሬውን ግን ለጋራው መጭመቂያ ያስረክባል፤ ጠጁም በኅብረቱ ስም ይሸጣል። ኅብረቱም ከአሮጌ ማሳዎች ቅርንጫፍ እየሰበሰበ፥ በ2002 በሴን ሞን የጥንት ዝርያዎች መጠበቂያ የሚሆን ቦታ አቋቋመ። ወይን ተተክሎ ደኅና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ያህል ስለሚፈጅ፥ ያልተፈተነ ዝርያ መሞከር ለአንድ ገበሬ ከባድ ሸክም ነው፤ ብዙዎች ሲከፋፈሉት ግን ይቀላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይህ ነው።

የድካሙም ዋጋ አሁን እየታየ ነው። የዓለም አየር እየሞቀ በሄደ ቍጥር ወይኑ ፈጥኖ ይበስላል፤ ስኳሩም ይበዛል። ማር የበዛበት ጠጅ ኃይለኛ እንደሚሆን የቤት እመቤቶቻችን ያውቃሉ፤ የወይን ጠጅም እንዲሁ ነው። ከጥንቶቹ ዝርያዎች መካከል ግን ማንሳን ኗር የሚባለው ብዙ ስኳር ሳይዝ ስለሚበስል ጠጁ ለዘብ ያለ ይሆናል። ታርዲፍ የሚባለውም፥ ስሙ በፈረንሳይኛ «ዘግይቶ የሚመጣ» ማለት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ዘግይቶ ይበስላል። ስለዚህ ቀድሞ ተንቆ የነበረው ተክል ለልጅ ልጆች መፍትሔ ሆነ።

በእኛም ቤት አያት የተከለው ዛፍ፥ እናትም በጎተራ ያኖረችው ዘር አይታጣም። ዛሬ ጥቅሙ ስላልታየን ብቻ ብንጥለው፥ ነገ ልጆቻችን ሲፈልጉት ከየት ያገኙታል? ስለዚህ ቤተሰብ ይጠብቅ፤ ጎረቤትም ያግዝ።