ሰኮና የማይመሰክረው ዝምድና

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች የሚለው ተረት የተተረተው ዘሩን በሚደብቅ ሰው ላይ ለማላገጥ ቢሆንም፣ የባለሰኮና እንስሳትን ነገድና ትውልድ የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህንኑ ጥያቄ ለየአውሬውና ለየከብቱ ሲያቀርቡ ኖረው፣ በመጨረሻ ያገኙት መልስ ዓይን ከሚፈርደው ፈጽሞ የራቀ ሆኗል። በመተከል፣ ከዓባይ ሸለቆ በላይ በምትገኘው የወምበራ ወረዳ ከተማ በደብረ ዘይት (ቀድሞ በዚሁ ስም ትጠራ ከነበረችው ከቢሾፍቱ የተለየች ከተማ ናት)፣ በገበያ ቀን ጎን ለጎን የቆሙ በሬና አህያ የሚያይ ሰው፣ ሁለቱም ሣር የሚግጡ፣ ሁለቱም ባለሰኮና፣ ሁለቱም ለሰው የተገዙ ናቸውና የሥጋ ዘመዳሞች መሆን አለባቸው ቢል ማንም አያማውም፤ ይሁን እንጂ አህያ ከበሬ ይልቅ ለአውራሪስ ትቀርባለች።

ኦሪት ዘሌዋውያን እንስሳትን በተሰነጠቀ ሰኮናና በማመስኳት የለየው የሚበላውንና የማይበላውን ለመደንገግ እንጂ ዘር ለመቁጠር አልነበረም። ዝምድናን ከእግር ጣት ለማንበብ የሞከረው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን ሲሆን፣ እርሱም በ1848 እ.ኤ.አ. ባለሰኮናዎቹን በሁለት ጭፍራ ከፍሎ፣ የሰውነታቸው ክብደት በመካከለኛው ጣት ላይ የሚያርፈውን ፈረስን፣ አህያንና አውራሪስን ባንድ ወገን፣ ክብደታቸውን ሁለት ጣቶች እኩል የሚሸከሙትን በሬን፣ በግን፣ ግመልን፣ አሳማንና ጉማሬን በሌላ ወገን አቆማቸው። የዚህን ክፍፍል እውነትነት ማረጋገጥ የፈለገ አንባቢ በግ በታረደበት ቤት የኋላ እግሩን ቁርጭምጭሚት ፈልፍሎ ቢያወጣ፣ ከላይም ከታችም እንደ መዘውር የተቦረቦረች ትንሽ አጥንት ያገኛል፤ የፈረስ ግን መዘውሩ ከላይ ብቻ ነው፤ ታችኛው ገጽታው ጠፍጣፋ ነው።

ይህች ትንሽ አጥንት ኋላ የትልቅ ክርክር ዳኛ ሆነች። በዘር ቅንጣት፣ ማለት በዲኤንኤ የሚመራመሩ ሰዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጉማሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ይልቅ ለዓሣ አንበሪ የቀረበ ዘመድ ነው ብለው በተናገሩ ጊዜ፣ ብዙ የአጥንት ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም ነበር፤ ነገር ግን በ2001 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን ምድር የተገኙ፣ እግር የነበራቸው የጥንት ዓሣ አንበሪዎች አዕፅምት ይፋ ሲሆኑ፣ ቁርጭምጭሚታቸው እንደ በግ ቁርጭምጭሚት ከላይም ከታችም መዘውር ያለው ሆኖ ታየ። ስለዚህ በዓባይ ውኃ ውስጥ ቀኑን ተነክሮ የሚውለው ጉማሬ፣ መልኩ ወደ ከርከሮ ቢያዳላም፣ ዮናስን የዋጠው የዓሣ አንበሪ ወገን ነው ማለት ነው። በኬንያ ሎኮኔ ተገኝቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የተገለጸው የ28 ሚሊዮን ዓመት ቅሪት እንደሚያሳየው፣ የጉማሬ አያቶች ወደ አፍሪካ የገቡት ምድሪቱ ገና በባሕር ተከባ ሳለች ነው፤ በእኛም አገር በጮሮራ የ8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ጉማሬ ተገኝቷል።

እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የጭልጋ ነገር ነው። ከጎንደር ወደ ምዕራብ በሚገኘው በዚህ ወረዳ ጆን ካፔልማንና ባልደረቦቹ ቆፍረው በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት የ27 ሚሊዮን ዓመት ቅሪት፣ አፍሪካ ከዓረቢያ ጋር ተያይዛ እንደ ደሴት ብቻዋን በቆየችበት ዘመን ማን ማን ይኖርባት እንደ ነበር ይናገራል። በዚያ ላም የለም፤ ፈረስ የለም፤ አውራሪስም የለም። አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ ያበቀለ፣ አውራሪስ የሚመስል እንስሳ ግን ነበረ፤ ይህም አርሲኖይተሪየም የሚባለው፣ በዘሩ ከዝሆን ወገን የሚቆጠር ፍጥረት ነው። ከእርሱም ጋር ልዩ ልዩ የዝሆን ዘመዶችና፣ አንዳንዳቸው ከዛሬዎቹ እጅግ የሚተልቁ ሽኮኮዎች አብረው ይኖሩ ነበር።

ሽኮኮና ዝሆን! ኦሪት ከግመልና ከጥንቸል ጋር የጠራው፣ ገደል ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የምናየው ይህ ትንሽ እንስሳ የዝሆን ዘመድ መሆኑን ለማመን የሚቸገር ሰው እግሩን ይመልከት፤ በፊት አራት፣ በኋላ ሦስት ጣት አለው፤ ከኋላ እግሩ አንዷ ጣት በስተቀር በሁሉም ላይ ያለው ጥፍር እንደ ዝሆን ጥፍር ደንደን ያለ ነው። ረዣዥሞቹ ጥርሶቹም እንደ ዝሆን ጥርስ ዕድሜ ልኩን የሚያድጉ የፊት ጥርሶች እንጂ ክራንቻ አይደሉም። በግ አምስት ወር ያህል አርግዛ ስትወልድ፣ ጥቂት ኪሎ ብቻ የምትመዝነው ሽኮኮ ሰባት ወር ያህል ታረግዛለች። በዲኤንኤ ምርመራ መሠረት ከዚሁ ቤተ ዘመድ ውስጥ አዋልዲጌሳና በቀይ ባሕር የምትዋኘው የባሕር ላም ይቆጠራሉ፤ ሁሉም ከአፍሪካ የበቀሉ ናቸው።

ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ ዓረቢያ ከእስያ ጋር ስትገናኝ፣ የሚያመሰኩትና አውራሪሶች በየብሱ ድልድይ ወደ አፍሪካ ገቡ፤ ትልልቆቹ ሽኮኮዎችም በጊዜ ብዛት ጠፍተው በየገደሉና በየዛፉ የሚኖሩት ትንንሾቹ ብቻ ቀሩ። የዝሆን ዘር ግን በዚያው ድልድይ በተቃራኒው አቅጣጫ ወጥቶ እስያንና አውሮፓን አቋረጠ፤ ከዚያም እስከ አሜሪካ ድረስ ዘለቀ።