«ይበሰብሳል» ለተባለ ከረጢት ገንዘብ ከማውጣት በፊት

ሐዋሳ፦ ምክር ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ ነጋዴው ተተኪ ይፈልጋል። ከሚቀርቡለት አንዱ ፖሊላክቲክ አሲድ ነው።

ከበቆሎ ስታርች ወይም ከስኳር ተብላልቶ የሚገኘው ላክቲክ አሲድ ወደ ፕላስቲክነት የሚለወጠው በካታሊስት ነው። (ስታርቹ ከወላይታ ካሳቫም ሊወጣ ይችላል።) ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠቀሙት ቲን ያለበትን ካታሊስት ነው፤ ተመራማሪዎች በዚንክ ለመተካት፣ ያገለገለውንም ከረጢት ወደ ጥሬ ዕቃው የሚመልስ ካታሊስት ለመንደፍ እየሠሩ ናቸው።

ይሁንና ይህ ከረጢት ቶሎ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚሞቅ ማብላያ ውስጥ እንጂ ሐይቅ ዳር ተጥሎ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት እዚያው ይቀራል። ደላላው ናሙና ሲያሳይ ዕቃው የትና በስንት ቀን እንደሚበሰብስ በጽሑፍ ይጠየቅ።