የእንጀራ ዋጋ በሰው አገርና በአገር ቤት

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ተነሥተው ባሕር የተሻገሩ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በስልክ በተነጋገሩ ጊዜ፣ ከጤና ጥያቄ ቀጥሎ የሚነሣው ነገር የእህል ዋጋ ነው። እናት በንፋስ መውጫ ገበያ ጤፍ አልቀመስ ማለቱን ስትነግር፣ ልጅም በበኩሉ በዚያ አገር እንጀራ በዶላር ተቈጥሮ እንደሚሸጥ ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን እናት የልጇን ዶላር በብር እየመነዘረች ባለጠጋ ታደርገዋለች፤ ልጅም የእናቱን ብር በዶላር እየመነዘረ የአገሩን ኑሮ ርካሽ ያደርገዋል። በዚህ ባልተስተካከለ ስሌት ምክንያት ስንት ቤተ ሰብ ተቀያይሟል፤ ስንት ጎልማሳም በሬውን ሸጦ ለስደት ተነሥቷል። ስለዚህ ነገሩን መርምሮ ማስረዳት የዛሬው አሳባችን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ የምንዛሪ ቍጥር የኑሮ መለኪያ አለመሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ በዋዜማው በባንክ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ልጅ 100 ዶላር በላከ ጊዜ ቀድሞ ለቤተ ሰቡ የሚደርሰው 5,700 ብር ያህል ነበር፤ ኋላ ግን ከ10 ሺህ ብር አለፈ። ወላጆች የልጃችን ሀብት እጥፍ ሆነ ብለው ይደሰቱ ይሆናል፤ ልጁ ግን ያንን 100 ዶላር ለማግኘት በሥራ ላይ ከሚቆምበት ሰዓት አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተቀነሰችለትም። እንዲሁም ነዳጁ፣ ዘይቱና ማዳበሪያው በዶላር ከውጭ የሚገዛ ስለ ሆነ፣ በአንድ እጅ የጨመረው ብር በሌላው እጅ መውጣቱ አይቀርም።

እንግዲህ መለኪያው ምንድር ነው ቢሉ፣ ድካም ነው። ሰው እንጀራውን በገንዘብ የሚገዛ ቢመስልም፣ በእውነቱ የሚገዛው በጉልበቱና በዕውቀቱ ነው። ይህን ነገር በቋንቋችን አጥብቀው ከጻፉት ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት ያነሰው ሕዝብ ዕውቀት ከበዛለት ሕዝብ ጋር ሲገበያይ ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት እንደሚቀበል ያስረዳል። ስለዚህ «እህል በዚያ አገር ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ፣ «አንድ ቀን የሠራ ሰው ስንት ኪሎ እህል ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የፌዴራሉ ሕግ የወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከሐምሌ 2001 ዓ.ም. ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ በብዙዎቹም ግዛቶች ከዚህ ይበልጣል። በትንሹ ቢሰላ እንኳ፣ 8 ሰዓት የሠራ ሰው ግብር ሳይነሣለት 58 ዶላር ያገኛል። የስንዴ ዱቄት ዋጋ በኪሎ ከአንድ ዶላር ጥቂት ፈቀቅ ያለ ስለ ሆነ፣ በአንድ ቀን ድካም ከ40 ኪሎ የማያንስ ዱቄት ይገዛል።

አሁን ደግሞ ወደ ጋይንት እንመለስ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ካቀፋቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። በዚህ መርሐ ግብር እርከን ለሠራና መንገድ ለጠረገ ሰው የአንድ ቀን ዋጋ ሆኖ የተተመነው 3 ኪሎ እህል ነበር፤ በወር 5 ቀን ቢሠራ 15 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ለችግረኛ የተወሰነ እርዳታ እንጂ የገበያ ክፍያ ባይሆንም፣ ከዚያ ማዶ 40 ኪሎ፣ ከዚህ ማዶ 3 ኪሎ መሆኑ ነገሩን ግልጥ አድርጎ ያሳያል። ይህም የጋይንት ሰው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ በቁር በተመታ ተዳፋት ላይ ከንጋት እስከ ምሽት የሚያርስ ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም። ልዩነቱን ያመጣው መሣሪያው፣ መንገዱ፣ ዘሩና ትምህርቱ ነው።

ከዚሁ መርሐ ግብር ሌላም ትምህርት ይገኛል። በመጀመሪያ እህል በማይሰጥበት ስፍራ ለአንድ ቀን ሥራ 6 ብር ይከፈል ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. 8 ብር ሆነ። ነገር ግን በዚያ ወራት የእህል ዋጋ ከጭማሪው አልፎ ስለ ሮጠ፣ ብር ከመቀበል እህል መቀበልን የሚመርጡ ሰዎች በዙ። ሊቃውንት በብዙ መጽሐፍ የሚያስተምሩትን ገበሬው በአንድ ቁና ሰፍሮ ዐወቀው። ለመንግሥት ሠራተኛም ነገሩ እንዲሁ ነው። በግንቦት 2014 ዓ.ም. የምግብ ዋጋ ከአምናው ጋር ሲተያይ ከ40 በመቶ በላይ ጨምሮ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ጭማሪው መልካም ነው፤ ጥቅሙ ግን የሚመዘነው በፊርማው መዝገብ ሳይሆን በሞሰቡ ነው።

ኤንግል የተባለ ጀርመናዊ የቍጥር ሊቅ በ1857 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አንድ ሕግ አስተዋለ፤ ይኸውም ቤተ ሰብ እየደኸየ በሄደ መጠን ከገንዘቡ ለምግብ የሚያውለው እጅ እየበዛ ይሄዳል የሚል ነው። በአሜሪካ አንድ ቤተ ሰብ በአማካይ ለምግብ የሚያወጣው ከእጁ ከሚገባው ገንዘብ ከመቶ 11 ያህል ነው፤ በእኛ አገር ግን ከወጪው ከግማሽ በላይ ለምግብ ይውላል። ስለዚህ ዋጋ በአንድ አምስተኛ ቢጨምር፣ የአሜሪካው ሰው በልብሱ ወይም በመዝናኛው ይቈጥባል፤ የጋይንት ሰው ግን ከልጁ ጉርሻ ይቀንሳል።

ይህን ስንል በውጭ አገር ያለ ሁሉ ጠግቦ ያድራል ማለታችን አይደለም። በዋሽንግተንና በመሰሉት ከተሞች ምግብ ከድካሙ አንጻር ቢረክስም፣ የቤት ኪራይ፣ ሕክምናና የልጆች ጥበቃ ደመወዙን ይውጡታል። ወደ ዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የምትሄድ እኅት ደግሞ ምግቧና ማደሪያዋ በአሠሪዋ ቤት ስለ ሆነ ለእንጀራ ምንም የማትከፍል ትመስላለች፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ዕረፍታቸውንና በፈቃዳቸው ደጅ መውጣትን ከፍለው ይበሉታል። ይህም ዋጋ በየትኛውም ገበያ አልተጻፈም።

ጤፍ ግን ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። መንግሥት የአገሩ ሰው እንዳይቸገር በማሰብ በ1998 ዓ.ም. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ፤ የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን ተጭኖ እስከ አሜሪካ ይደርስ ነበር። በአሜሪካም በአይዳሆ ግዛት ጤፍ እየተዘራ ለስደተኛው ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ከስንዴ ዱቄት ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ስደተኛው ዳቦ ቢበላ ርካሽ፣ እንጀራ ቢበላ ውድ ይሆንበታል፤ የሚከፍለውም ለሆዱ ብቻ ሳይሆን ለናፍቆቱ ጭምር ነው።

ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ደጋው ገብስና ድንች ሲሰጥ ጤፉ ከዝቅተኛው ወገን ይመጣል፤ ስለዚህ መንገድ ሲዘጋ ዋጋ ይወጣል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ከተማይቱ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ይህን በመከራ ተምሮታል። በሰላሙም ጊዜ ገበሬው በጥርና በየካቲት ለዕዳ ሲል እህሉን በርካሽ ይሸጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ የሸጠውን ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። በስድስት ወር ውስጥ የሚከስረው ገንዘብ ወደ የትም አገር ሳይሰደድ ሊያተርፈው ይችል የነበረ ገንዘብ ነው።

ካህናት አባቶቻችንም ይህ ነገር የነጋዴና የገበሬ ብቻ እንዳይመስላቸው እናሳስባለን። የድጓው ምስክር ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ምንጭ ዙር አምባ የሚገኙት በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከየደጁ በሚለምነው ቁራሽ ይማራል፤ የባልቴቷ ሞሰብ ባነሰ ጊዜ የተማሪው አኩፋዳ ባዶ ይሆናል፤ ተማሪው የተበተነ እንደ ሆነ ዜማውን ለሚመጣው ትውልድ የሚያደርሰው አይገኝም።

ስለዚህ ሹማምንት ከሁሉ አስቀድመው በየወረዳው የእህል ማከማቻን እንዲያስቡ ይገባል፤ ዮሴፍ በግብጽ በጥጋቡ ዘመን ጎተራ ባያሠራ ኖሮ በረኃቡ ዘመን የሚሰፈር እህል ባልተገኘ ነበር። ኅብረት ሥራ ማኅበራት በጥር ገዝተው በሐምሌ ለገበሬው በተመጣጠነ ዋጋ ቢመልሱለት፣ ድንቹም ሳይበሰብስ የሚቈይበት ቤት ቢሠራ፣ የሦስቱ ኪሎ ነገር በየጊዜው ይሻሻላል። ካህናትም ሕዝቡ ለድግስና ለተዝካር ሲል ዘሩን ሸጦ እንዳይበደር ቢመክሩ ታላቅ በጎ ሥራ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የላከላችሁን በብር ሳይሆን በቆመበት ሰዓት ቍጠሩለት። በሰው አገር ያላችሁ ልጆችም፣ እናታችሁ እህል ተወደደ ባለቻችሁ ጊዜ በዶላር መንዝራችሁ አትናቁባት፤ ስንት ቀን ተደክሞበት አንድ ቁና እንደሚገባ ጠይቋት። እንዲህ ሲሆን እናትና ልጅ በአንድ መስፈሪያ ይሰፍራሉ፤ በአንድ መስፈሪያ የሚሰፍሩ ሰዎችም መተዛዘን አይቸግራቸውም።