ዋልካ የበላው ሻንሲ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ወረታ ይደርሳል። እዚህ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ቀኝ ታጥፎ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልዲያ ይወጣል፤ ሌላው የፎገራን ሜዳ ሰንጥቆ በይፋግና በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ይዘልቃል። ይፋግ መኪና ከመምጣቱ በፊትም የጭነት አገር ነበረች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሱ ነጋዴዎች በቅሎና አህያቸውን አራግፈው የሚገበያዩባት ትልቅ ገበያ ስለነበረች የዘመኑ ተጓዦች ስሟን ደጋግመው አንሥተዋል። ዛሬ በአሞሌ ጨው ፈንታ የሚጫነው ሩዝና ሽንኩርት ነው። በአይሱዙዎችና በባጃጆች መካከል አልፎ አልፎ ባውዛው ክብ፣ ስፖንዳው የተጎረባበጠ፣ ቀለሙ በፀሐይ የነጣ አሮጌ ፒክአፕ ብቅ ይላል። ብዙ ሰው ዞር ብሎ አያየውም። መኪና የሚወድ ሰው ግን ቆሞ ያየዋል፤ በ40 ዓመቱም ሥራ ላይ ነውና።

በሌላው ዓለም አሮጌ ፒክአፕ ማደስ የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1925 ለባለሁለት ወንበሩ ሞዴል ቲ ከኋላው የብረት ሳጥን ገጥሞ በ281 ዶላር ለገበያ ሲያወጣው ገዢው በአብዛኛው ገበሬና ነጋዴ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ሸቭሮሌት በ1947፣ ፎርድም በ1948 አዲስ ቅርፅ ያላቸውን ፒክአፖች አወጡ። እነዚህ መኪኖች ዘመናቸው ሲያልፍ በየእርሻው ጎተራ ቆመው ቀሩ። ዛሬ የዚያን ጊዜዎቹ ገበሬዎች የልጅ ልጆች ቅዳሜና እሑድ አቧራቸውን አራግፈው ብሎን በብሎን ይፈቷቸዋል።

በኢትዮጵያ ፒክአፕ ጡረታ አይወጣም። በአንድ ወቅት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ይዞ ገጠር ለገጠር የዞረው መኪና በጨረታ ይሸጣል፤ የገዛው ነጋዴ እህል ይጭንበታል፤ ከነጋዴው ደግሞ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ የእኛ አገር አዳሽ መኪናውን ከጎተራ አያወጣውም፤ ከሥራ ገበታ ላይ ነው የሚቀበለው። በየእጁ በተዟዟረ ቁጥር አንዱ ካምቢዮውን በሌላ ቀይሮታል፣ አንዱ ባልስትራው ላይ ሁለት ቅጠል ጨምሮበታል፣ ሌላው ገመዱን በጥሶ እንደገና ቀጥሎታል። ጥገና ማለት መኪናው ነገ ጠዋት ሥራ እንዲገባ ማድረግ ነው። እድሳት ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ይመስል፣ እንዴት ይነዳ እንደነበር ጠይቆ ወደዚያ መመለስ ነው። የአገራችን ሜካኒኮች በመጀመሪያው ከማንም አያንሱም። ሁለተኛው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የቸኮለ ደንበኛ ደግሞ ለዚህ ጊዜ አይሰጥም። ለዚህም ነው እድሳት የወዳጅ ሥራ የሚሆነው።

ለመታደስ የሚገቡት መኪኖች በአገሩ ታሪክ ውስጥ የራሳቸው ቦታ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ላንድሮቨር በገጠር ስሙ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ሌላውም ባለ አራት እግር ነጂ መኪና በእሱ ስም ይጠራ ነበር። በእንግሊዝ ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስላጠረ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ስለዚህ ፓራፋንጎው አይዝግም። ነገር ግን አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር በሚነካካበት ቦታ እርጥበት ሲገባ ነጭ ዱቄት እያበጀ ይበላል። በአዲስ አበባ ደግሞ ውይይት ነበረ። ከኋላው ጣሪያ የተሠራለት ሰማያዊና ነጭ ፒክአፕ፣ በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት ታክሲ ነበር፤ ስሙንም ያገኘው ከአቀማመጡ ነው። ሚኒባሶች መንገዱን ሳይወርሱ በፊት ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ጉልበቱ ከማያውቀው ሰው ጉልበት ጋር እየተነካካ ትምህርት ቤት የሄደው በዚህ መኪና ነው። እንደ ፋብሪካው የጭነት ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ማደስ ይሻላል ወይስ እንደ ውይይት ከነአግዳሚው? አግዳሚው መታደስ አለበት። ያ ፒክአፕ በኢትዮጵያ የኖረው ሕይወት ያ ነውና።

ከሁሉ በላይ የበዛው ግን ቶዮታ ነው። ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 በጃፓን ሲወጣ ባለ ቤንዚን ትንሽ የጭነት መኪና ነበር፤ ዲዝልና ባለ አራት እግር ነጂ የሆነው በ1970ዎቹ መጨረሻና ከዚያ በኋላ ነው። ጥንካሬውን ዓለም ሁሉ የተነጋገረበት በ2003 ነበር። የቢቢሲው ቶፕ ጊር ዝግጅት አንድ አሮጌ ሃይሉክስ በባሕር ውኃ አጥለቀለቀው፣ በእሳት አቃጠለው፣ ሊፈርስ በተዘጋጀ ፎቅ ጫፍ ላይ አስቀምጦም ከሕንፃው ጋር አወረደው። ከፍርስራሹ ተጎትቶ ወጣና ተነሣ። ላንድክሩዘር በበኩሉ 40 ተብሎ የሚታወቀውን ቤተሰብ ከ1960 እስከ 1984 አመረተ፤ ረጅሙ ፒክአፕ 45 የሚባለው ከዚህ ቤተሰብ ነው።

የገዛውን መኪና ማንነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሞተሩ ክፍል የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይጠርግ። በቶዮታ አጻጻፍ ከፊት የሚመጣው ፊደል ሞተሩን፣ የሚከተለው የመኪናውን ቤተሰብ ይናገራል። ኤልኤን ማለት ኤል የተባለው ዲዝል ሞተር የተገጠመለት ሃይሉክስ ነው፤ ኤፍጄ ባለ ቤንዚኑ፣ ኤችጄ ደግሞ ባለ ስድስት ሲሊንደር ዲዝሉ ላንድክሩዘር ነው። ሰሌዳው ኤልኤን እያለ ኮፋኖው ሲከፈት ሌላ ሞተር ከተገኘ መኪናው ታሪክ አለው ማለት ነው። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ከመግዛት በፊት ማየት ግድ ነው፤ ከገዙ በኋላ ማስተካከል ከማደሱ ሥራ ይልቅ ያደክማል።

ፎገራ ላይ ግን ትልቁ ጠላት ሞተሩ አይደለም። ሜዳው የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚንጣለሉበት ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ሩዙ የሚወደው ይህ ውኃ የሚይዝ አፈር ፒክአፕን ከሥር ይበላል። ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን ሲያገኝ ነው፤ ዋልካ ደግሞ አንዴ ከሻንሲው ጋር ከተጣበቀ ዝናቡ ካቆመ በኋላም እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ሻንሲው ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ሳጥን ነው፤ ውኃው እንዲወርድ ከሥሩ የተተዉት ቀዳዳዎች በጭቃ ሲደፈኑ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሠራል። ላዩ ደህና ይመስላል፤ ብረቱ ግን አልቋል። ጨው በሚበተንባቸው የአሜሪካ መንገዶች ይኸው ዓይነት ዝገት የራሱን የቶዮታን ፒክአፖች በልቶ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 ሻንሲ ለመለወጥ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያስወጣ ይችላል የተባለ ስምምነት ገብቷል።

ስለዚህ እድሳት ከቀለም ሳይሆን ከሆድ ይጀመራል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ከዚያ ሻንሲው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በትንሽ መዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመታል። ደህና ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ አንዳንዴም መዶሻው ይሰምጥበታል። በተለይ ባልስትራው ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት፣ ጋቢናው የሚቀመጥበትና ከኋላ ጎማ በስተጀርባ ያለው ቦታ በደንብ መታየት አለበት። የተበላው ክፍል ደህና ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ በዚያው ውፍረት ባለው ብረት ይበየዳል። ላዩ ላይ ላሜራ ለጥፎ መሸፈን የተለመደ ነው፤ ግን ዝገቱን ክፍል ሰጥቶ ማሳደር ማለት ነው። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይፈታ። የነዳጅ ታንክ ደግሞ ባዶ ነው ብሎ የሚበይድ ሰው ይጠንቀቅ፤ የሚፈነዳው ነዳጁ ሳይሆን የቀረው ተን ነው።

ጋቢናና ስፖንዳ ላይ ሌላ ማታለያ አለ፤ ስቱኮ። በወፍራሙ የተለቀለቀ ስቱኮ ጉድጓዱን አስተካክሎ አዲስ ያስመስላል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በሩንና ፓራፋንጎውን መዳሰስ ይበቃል፤ ብረት ባለበት ይጣበቃል፣ ስቱኮ በወፈረበት ይወድቃል። የአሉሚኒየሙን ላንድሮቨር በዚህ መፈተን ግን አይቻልም።

የጋራዡ ቋንቋ ራሱ የሚጠበቅ ቅርስ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ብዙ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች በአገሩ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ፤ ከሥራቸው የገቡት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሙያውን ከነቃሉ ወረሱት። ዛሬም መኪናው የጃፓን ይሁን የእንግሊዝ፣ ሲፈታ የሚሰማው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ ነው። እነዚህ ቃላት ተሰብስበው ከነትርጉማቸውና ከነሥዕላቸው ቢታተሙ አዲስ ገቢ ተለማማጅ ሁሉ ይጠቀምባቸዋል። አሮጌ ቴስታታ በጆሮ ብቻ የሚመረምሩ ሽማግሌ ሜካኒኮች በየከተማው አሉ፤ ዕውቀታቸው በእጃቸው ብቻ ተይዞ እንዳይቀር መሥራት አስቸኳይ ነው።

ወደ ሞተሩ ሲመጣ ከፍታ ይነሣል። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህሉን ያጣል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚኑን ያበዛዋል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ዲዝሉም ፖምፓው ያለልክ ከተከፈተ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ብዙ ሰው ጭስ ሲያይ ፋሻው አለቀ ብሎ ሞተር ያስወርዳል፤ ቀድሞ የአየር ማጣሪያውንና ፖምፓውን ማስመርመር ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። በሃይሉክሱ ኤል ዲዝል ላይ አንድ ነገር ለነገ አይባልም። የቫልቩን ጊዜ የሚጠብቀው ጥርስ ያለው ቺንጋ ነው፤ መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ ወዲያው ይቀየር። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ያኔ ሥራው ከአንድ ቺንጋ ወደ ሙሉ ሞተር ያድጋል።

ፍሬኑ ላይ መቆጠብ ፈጽሞ አይገባም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዓመታት ሲያልፉ ቱቦውንና ፒስተኑን ከውስጥ ያዝገዋል፣ ጎሚኒውም ይደርቃል። አሮጌ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በኮምፕሬሰር መንፋት ለሳንባ አደጋ ነው፤ በውኃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

ዕቃ ፍለጋው የራሱ ጉዞ ነው። መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ አሮጌ ብረት ዳግም የሚወለድበት ሰፈር ነው። የማይገኘውን ቡሽ ቶርኖ ቤት ይሠራዋል። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ2021 ለ40ዎቹ ላንድክሩዘሮች የተቋረጡ ዕቃዎችን እንደገና እንደሚያመርት አስታውቋል። አገር ውስጥ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ጥር የነዳጅ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። ከእንግዲህ ከውጭ የሚመጣ አሮጌ ፒክአፕ ብርቅ ነው። አገር ውስጥ ያለውን መጠበቅም ከዚህ በኋላ ከፍቅር ያለፈ ምክንያት አለው።

ሻንሲው ተበይዶ፣ ሞተሩ ተገጥሞ፣ ቀለሙ ደርቆ የወጣ ፒክአፕ ወዲያው ጭነት አይጫንበትም። ለሙከራ ከወረታ እስከ ይፋግ ያለው ሜዳ ምቹ ነው፤ ከአዲስ ዘመን በኋላ የሚጀምረው ዳገት ለራዲያተሩ ፈተና በሌላ ቀን ይቆያል። ይፋግ ሲደረስ ሞተሩ ሳይጠፋ ሹፌሩ ወርዶ አራቱን ቸርኬ በመዳፉ ጀርባ ይዳስሳል። ሁሉም እኩል ከሞቁ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ከጋለ እዚያ ጎማ ላይ ፍሬኑ ሳይለቅ ቀርቷል፤ ወይም ኩሽኔታው ጠብቆ ታስሯል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሞተሩ ሥር አስፋልቱን ያያል፤ ዘይት የነጠበ እንደሆነ ከየት እንደመጣ በጣቱ ተከትሎ ያገኘዋል፣ መፍቻውንም ከወንበሩ ሥር ያወጣል።